ላሙቀው ወይስ ልሸፍነው? ከሆሳዕና መካኒሳ ደርሶ መልስ

ሰው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ሕንጻው ነው። እኔ ስለ ሕንጻው የማወራው የለኝም። ያየሁት መካኒሳንና ላፍቶን ነው፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛውን ሰዓት ያሳለፍኩት መጋረጃው በተዘጋ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሆኖም ከተመለስኩ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነበር?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከሀ ጀምሬ ከማወራ አንዴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

አማረች እባላለሁ፤ ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የተጠራሁት ለስልጠና ሲሆን፣ ርዕሱ «የዘረመል ጥገናና የሰው ልጅ በሽታ» ይላል። ለጎረቤቴ ስነግራት «ጥገና? በዚህ ዕድሜሽ መካኒክ ልትሆኚ?» አለችኝ። ብዙም አልተሳሳተችም። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ያለውን ዘረመል ፀሐይ በየቀኑ ትጎዳዋለች፤ ሕዋሱም ተቀምጦ አያለቅስም፣ ራሱን በራሱ ይጠግናል። ይህ ጥገና ከልደት ጀምሮ የማይሠራላቸው ሰዎች ግን አሉ። ለእነሱ ፀሐይ መሞቅ ማለት ቆዳ መቃጠል፣ ውሎ ሲያድርም ካንሰር ማለት ነው።

እንዲህ ያለች አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ጽዮን ትባላለች፤ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሆሳዕና ወጣ ባለ ቀበሌ ከእናቷ ከታደለች ጋር ትኖራለች፤ አባቷ እናቷ የመጨረሻውን ልጅ እንዳረገዘች ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ፊቷና እጆቿ በጥቋቁር ነጠብጣብ ተሞልተዋል፣ ዓይኗም ብርሃን አይችልም። ታላቅ ወንድሟ በዚሁ ሕመም፣ ፊቱ ላይ በወጣ ዕጢ ሞቷል። አሁን ደግሞ ታደለች አቤኔዘር የሚባል ልጅ ወልዳለች። በእኛ ዘንድ ሕፃን ጠዋት ጠዋት ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ያላሞቀች እናት ሰነፍ ትባላለች። ታደለች ሁለቱን ልጆቿን እንደ ደንቡ ያሞቀች ሴት ናት። ሦስተኛውን ግን ከቤት አላወጣችውም። ጎረቤት ያማታል፤ ጤና ኬላውም «ካላሞቅሽው አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል» ብሏታል፤ እውነትም እግሩ መልፈስፈስ ጀምሯል። በመጣች ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሀዲይኛ ያለችኝን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦

«ሲስተር፣ ላሙቀው ወይስ ልሸፍነው?»

ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ እኛ ጋ ሲስተር ናት። መልሱን አላውቅም ነበር። ሁለቱም መልስ ከተሳሳተ ልጁን ይጎዳል። ስልጠናውን የሚሰጡት ሰዎች በሽተኛ ካለን ደም ይዘን እንድንመጣ ሲጽፉልን፣ እግዚአብሔር በቀጥታ ለታደለች የጻፈላት መሰለኝ።

እሁድ ገና ሳይነጋ የጽዮንንና የሕፃኑን ደም ቀዳሁ። የእኔንም ጨመርኩ፤ የጤነኛ ሰው ደም ለማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ሦስቱንም በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ አይስ ቦክስ ውስጥ አስገባሁና የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። አይስ ቦክሱን ጭኔ ላይ ሳስቀምጥ ከኋላዬ ያለ ሰውዬ «እህቴ፣ ለስላሳ ከሆነ ቡታጅራ ስንደርስ አንድ ክፈችልን» አለ። መኪናው ሁሉ ሳቀ። ቡታጅራ ለቁርስ ስንወርድም አልተለየኝም፤ እንቁላል ፍርፍሬን የበላሁት አንድ እጄን ክዳኑ ላይ ጭኜ ነው።

ጢያን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጎማ ተነፈሰ። የጥቅምት ፀሐይ ታውቃላችሁ፤ ብርዱ ሳይለቅ ታቃጥላለች። አካባቢው ላይ አንድም ዛፍ የለም። አይስ ቦክሱን ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል ሽማግሌ ተሳፋሪ አዩኝና «ምንድን ነው እሱ ልጄ?» አሉኝ።

«የሕፃናት ደም ነው አባቴ። ፀሐይ እንዳይነካው ነው።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ጥላቸውን ዘርግተው አይስ ቦክሱ ላይ ያዙ። ጎማው ተቀይሮ እስኪያልቅ ድረስ እሳቸው ፀሐይ ላይ ቆመው ሣጥኑን አጠለሉልኝ። ያ ለስላሳ የጠየቀኝ ሰውዬም አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ሲደክማቸው ተቀበላቸው። ስማቸውን ሳልጠይቅ መለያየቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጀሞ ላይ የተቀበለችኝ እትዬ ሩቅያ ናት። የሥራ ባልደረባዬ የሙህዲን አክስት ናት። «ሆቴል ምን ያደርግልሻል፣ አክስቴ እያለች» ብሎ ለእሷ አደራ የሰጠኝ እሱ ነው። እትዬ ሩቅያ የስልጤ ሴት ናት፤ መካኒሳ ውስጥ ቆጮና ቅቤ ትነግዳለች። ልጆቿ አግብተው ስለወጡ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ዝምታውም እንደዚያው። «መጀመሪያ ቤት ገብተሽ እግርሽን ታጠቢ» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «መጀመሪያ ደሙን እናድርስ» አለችኝ። ስልጠናው ወደሚሰጥበት ላፍቶ አብራኝ ሄደች። የስልጠናው ኃላፊ ዶክተር ሰላማዊት እሁድነቱን ትታ ጠብቃን ነበር። አይስ ቦክሱን ተቀብላኝ ቴርሞሜትሩን አየችና «እንደ ልጅ አዝለሽ ነው ያመጣሽው» አለችኝ። የመንገዱ ድካም እዚያው ለቀቀኝ።

ሰኞ ትምህርት ተጀመረ፤ እኔ ግን የደረስኩት አርፍጄ ነው። እኛ አገር ሹፌሩን በስሙ ጠርተሽ «እዚች ጋ አውርደኝ» ትይዋለሽ። መካኒሳ ላይ የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ግን «ወራጅ አለ» ለማለት አፍሬ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ፤ መውረጃዬ አለፈኝና በእግሬ ተመለስኩ። ረዳቱ ስወርድ «እማማ፣ መንገዱን እየጎበኙ ነው?» አለኝ። ከታክሲው ይልቅ «እማማ» መባሌ አበሸቀኝ፤ እኔ እኮ ገና ፀጉሬ አልሸበተም።

ሰልጣኞቹ ከየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል የመጣን ነን። ከዶክተር ሰላማዊት ጋር የሚያሰለጥኑት ከህንድ የመጡ አንድ ፕሮፌሰር ናቸው። ሽርክናው ቀላል ነው፦ እኛ በሽተኞቹን እናውቃለን፣ እሳቸው አገር ደግሞ ዘረመሉን ፊደል በፊደል የሚያነብ መሣሪያ አለ። ያ ንባብ ግን ወራት ይፈጃል። እስከዚያው እዚሁ አገር ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን ምርመራ ነው የተማርነው።

ዶክተር ሰላማዊት ያስረዳችን በልብስ ሰፊ ነው። «ጥሩ ልብስ ሰፊ ቀዳዳውን ከመጣፉ በፊት የተበላሸውን ጨርቅ ቆርጦ ያነሳል። ጤነኛ ሕዋስም እንዲሁ ነው። ሕዋሱ ላይ ፀሐይን የሚተካ መብራት እናበራለን፤ ከዚያ መጣፊያውን በመድኃኒት እናስቆማለን። ጤነኛው ቆርጦ ስለሚጠብቅ የተቆረጠው ክር በማይክሮስኮፕ እንደ ጭራ ይታያል። በሽተኛው መቁረጥ አይችልም፣ ስለዚህ ክብ ሆኖ ይቀራል።» ጭራ ያለው ጤነኛ፣ ክቡ በሽተኛ። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳም አልኩ። አንድ ጥብቅ ደንብም ሰጠችን፦ ተራ ብርሃን እንኳ ክሩን ስለሚበጣጥሰው፣ ሥራው የሚሠራው መጋረጃ ተዘግቶ በደብዛዛ ቢጫ መብራት ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሥራውን ጀመርን። ሦስቱን ደም የያዙት ስላይዶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ሳለ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የአገራችን ሰው ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም። ከወልድያ የመጣው ደረጀ ደግ ሰው ነው፤ ዘሎ መጋረጃውን ገፈፈና መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሌሎቹ የስልካቸውን መብራት አበሩልኝ። እኔስ? ጨለማው ውስጥ ስላይድ እንዳልጥል ስፈራ የነበርኩት ሴትዮ «እግዜር ይስጥልኝ ደረጀ፣ ተባረክ» አልኩት። ምርቃቴን ጨርሼ ሥራዬንም ቀጠልኩ። ዶክተር ሰላማዊት ጄኔሬተሩን ልታስነሳ ወጥታ ስለነበር ያየን የለም። ስትመለስ መጋረጃው ተዘግቷል፤ ማናችንም ነገሬ አላልነውም። ሰው ሲጨልምበት ብርሃን ማምጣት እንደ ውሃ ማቀበል ነው፣ ማን ጥፋት ብሎ ያስበዋል?

ረቡዕ ጠዋት የሕፃኑን ስላይድ ማይክሮስኮፕ ስር አደረግሁ። ጭራ። ሌላ ቦታ አየሁ፣ ጭራ። ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ። ስልኬን አንስቼ ታደለችን ልደውልላት ስል ፕሮፌሰሩ ትከሻዬን ነካ አድርገው ጽዮንን እንድመለከት በእጃቸው አሳዩኝ። የጽዮንን ስላይድ አየሁ፤ እሱም ጭራ አለው። መታመሟን የምናውቃት ልጅ ጤነኛ መስላለች። ሆን ብለን መብራቱን ያላበራንበትን፣ ክብ ሆኖ መቅረት የነበረበትን ማነጻጸሪያ አየን፤ እዚያም ጭራ ሞልቷል። ዶክተር ሰላማዊት ወደ መስኮቱ ተመለከተች። «ትናንት መብራት ሲጠፋ መጋረጃው ተከፍቶ ነበር?»

 ደረጀ «የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። እኔም «እኔ ደግሞ መርቄዋለሁ» አልኩ። ሳቅ አልነበረም። ጥቂት ደቂቃ ብቀድም ኖሮ፣ ለአንዲት እናት በሐሰት ጭራ «ልጅሽን ፀሐይ አሙቂ» ልል ነበር። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ፕሮፌሰሩ በእንግሊዝኛ «በእኔ ቤተ ሙከራም ደርሷል፤ ጥሩው ነገር ሳትደውዪ ማየትሽ ነው» አሉኝ። ደረጀን ደግሞ ወስደው ሻይ ጋበዙት። እንዲህ ያለ መምህር ብዙ አላየሁም።

የቀረው ደም አርጅቷል፤ አዲስ ያስፈልጋል። ለታደለች ደወልኩና እውነቱን ነገርኳት። 

«የጽዮን ደምም እንደ እሷ ፀሐይ ይፈራል?» አለችኝ።

«ይፈራል፣ ታደለች።»

«የእሱስ?»

«እሱን ነው የማናውቀው። ደግመን መቅዳት አለብን።»

«እኔ የእናንተን ሥራ አላውቅም፣ ሲስተር። ቅጂ። እውነቱ ይሁን እንጂ ቅጂ።»

እትዬ ሩቅያ ቤት በዚህ ሁኔታ ገባሁ። ገበታው ላይ ምስርና ጎመን ቀርቧል፣ ቅቤ የሚባል ጠረን የለም። ከመጣሁ ጀምሮ የጾም ምግብ ብቻ እያቀረበችልኝ ነበር፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ እበላለሁ። እንጀራውን ሳልነካ ቁጭ ስል «ምነው፣ ወቅቱ ጾማችሁ መሆኑን አውቄ ነው እኮ ያለ ቅቤ የሠራሁት» አለችኝ። «እትዬ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ይህን ጾም አልጾምም» አልኳት። ፍጥጥ ብላ አየችኝ። «ቅቤ ነጋዴ ቤት ገብተሽ እስከ ዛሬ ዘይት ስትበዪ ዝም ትያለሽ?» አለችና ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

አዳምጣኝ ስታበቃ «ምን ያስለቅስሻል? ቆጮዬ ከሆሳዕና መስመር በየቀኑ ይመጣ የለም? ደሙ ለምን አይመጣም?» አለች። ቆጮዋን የሚያመጣላት ሹፌር ነስሩ ይባላል። «ነስሩ እንቁላል ጭኖ አንድ ሰብሮብኝ አያውቅም።» ወዲያው ደወለችለት፤ ለሙህዲንም ደወለች፤ የአክስትነት ትእዛዝ ነበር እንጂ ልመና አልነበረም።

ሐሙስ ሳይነጋ ሙህዲን ባጃጅ ልኮ ታደለችንና ልጆቹን አስመጣ፤ ጽዮን ሙሉ በሙሉ ተሸፋፍና ነበር አሉ። ደሙን ቀድቶ ለነስሩ ሰጠው። ነስሩ ደግሞ አይስ ቦክሱን በቆጮው ጥቅል መሐል፣ በኮባ ቅጠል ከልሎ አስቀመጠው። እኩለ ቀን ገደማ እትዬ ሩቅያ ሱቋን ዘግታ ጀሞ ድረስ ሄዳ ተቀበለችው፤ በጥቁር ሻርፗ ሸፍና ላፍቶ በር ላይ ሰጠችኝ። ከሱቋ መጋረጃ የሚሆን ሰፊ ጥቁር ፕላስቲክም ጨምራ አምጥታለች። ዶክተር ሰላማዊት ክዳኑን ስትከፍት የቆጮው ሽታ ክፍሉን ሞላው። «ላብራቶሪዬን ክትፎ ቤት አደረጋችሁት» አለች። ከረቡዕ ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅነው ያኔ ነው። የእኔን ደምም እዚያው እንደገና ቀዱልኝ።

ፕላስቲኩን መስኮቱ ላይ የወጠረው ደረጀ ነው። ማንም ሳያዘው ሥራው እስኪያልቅ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቆመ። ከሰዓት በኋላ መብራት ደግሞ ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዱ «ስልክ የለም» ሲል ሰማሁ። እጃችንን ኪሳችን ከተን፣ ትንፋሻችንን እያዳመጥን ቆምን። ሰው ለደግነት የሚዘረጋውን እጅ መያዝ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጄኔሬተሩ ተነሳና ቢጫዋ መብራት በራች።

አርብ ጠዋት ዶክተር ሰላማዊት ቅደም ተከተሉን ወሰነች። መጀመሪያ ብርሃን ያልበራበት ማነጻጸሪያ፤ ክብ፣ ንጹህ። ከዚያ የእኔ፤ ጭራ። ከዚያ የጽዮን። የጽዮን ሕዋሳት ክብ ነበሩ፣ አንድ ሳይቀር ክብ።  ከዚያ የሕፃኑን ስላይድ አስገባችና ራሷ ሳታይ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። «አንቺ እዪው» አለችኝ።

ጭራ ነበረው። ቦታ እየቀያየርኩ አየሁ፣ ፕሮፌሰሩ አዩ፣ ደረጀም አየ። ፕሮፌሰሩ ዘረመሉን ወስደው እንደሚያስነብቡና ማረጋገጫው ቆይቶ እንደሚመጣ ነገሩኝ፤ «ለእናቲቱ ጥያቄ ግን ዛሬ መልስ አለሽ» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ የደረጀ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ዶክተር ሰላማዊት ለጽዮን የቆዳ ቅባት፣ ጥቁር መነጽርና ሰፊ ባርኔጣ ሰጠችኝ፤ የዓይንና የቆዳ ክትትሏንም ከሐኪሞች ጋር አገናኝታ አስጀመረችልኝ። ወንድሟ ይህን ሁሉ ሳያገኝ ነው የሞተው። ምሳ ላይ ፕሮፌሰሩ እትዬ ሩቅያ የላከችላቸውን ቆጮ በቅቤ በሉ፤ እንዴት አገኙት ብላቸው «መልካም ነው፣ ግን እንደ ጥናት ጽሑፍ ብዙ መታኘክ ይፈልጋል» አሉ።

ቅዳሜ በነስሩ መኪና ተመለስኩ። እትዬ ሩቅያ እስከ ጀሞ ሸኘችኝ፤ ለታደለች ደግሞ ከንግዷ የተሻለውን ቅቤ ቋጠረችልኝ። «ልጁን የምትቀባው በዚህ ይሁን፣ የመካኒሳ አክስቱ ላከችለት በያት» አለችኝ። ሰው ላላየው ልጅ አክስት መሆን ይችላል? እሷ ስትለው ምንም አልገረመኝም።

መልሱን በስልክ ልነግራት አልፈለግሁም። እሁድ ቸርች ቀርቼ ቀበሌዋ ወጣሁ፤ ጌታ የት እንደነበርኩ ያውቃል። ቤቱ ውስጥ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆየሁ። ታደለች ሕፃኑን ታቅፋለች፣ ጽዮን ከኋላዋ ተለጥፋለች። ስለ ጽዮን የሚነገረውን ሁሉ አስቀድሜ ነገርኳት፤ ቀስ ብዬ፣ ሳልደብቅ። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ «አሙቂው» አልኳት።

ወዲያው አልተነሳችም። ቅቤውን ሰጠኋት፤ እጇ ላይ አቅልጣ እግሩን፣ ሆዱን፣ ጀርባውን ቀባችው። ከዚያ ተነስታ ደጃፉን አለፈችና የጠዋቱ ፀሐይ ላይ ራቁቱን ጭኗ ላይ አስተኛችው። ሰውነቷ ሁሉ ተወጥሮ ነበር፤ ሊያለቅስ ነው ብላ ፊቱን ብቻ ታያለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ እግሩን አወራጨ።

ጽዮን ፀሐይዋ ከማትደርስበት ከቤቱ ውስጥ ቆማለች።

«እማ፣ አላቃጠለችውም?»

«አላቃጠለችውም።»

«ምን ይላል?»

«ተኝቷል፣ ልጄ።»

ትንሽ አሰበች።

«እንግዲያው አታስገቢው» አለች። «ትንሽ ይቆይ።»